ግራጫ ሽኮኮን በመኖ ሳጥን አጠገብ በአየር ጠመንጃ መቆጣጠር፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1876 ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ በእንግሊዝ አገር በቼሽር የተለቀቀው ግራጫ ሽኮኮ (በኦሪት የተጠቀሰው የዓለቱ ሽኮኮ ሳይሆን ጭራው ጎፈር ያለው ዛፍ ወጪው ነው) ዛሬ የወጣት ዛፎችን ቅርፊት እየላጠ ደን ያበላሻል፤ የአገሬውንም ቀይ ሽኮኮ ከብዙ ቦታ አስለቅቋል። የመኖ ሳጥን ሰቅሎ በአየር ጠመንጃ መጠበቅ አንዱ የመቆጣጠሪያ መንገድ ነው። የሳጥኑ ትልቁ ጥቅም እንስሳውን መጥራቱ ሳይሆን የምንተኩስበትን ርቀት አስቀድሞ መወሰኑ ነው፤ ይህ ሲዘነጋ ብዙ ነገር ይበላሻል።

ሳጥኑ ሞልቶ ይሰነብታል። ኦክና ቢች የተባሉት ዛፎች ፍሬያቸውን ባራገፉበት መኸር ሽኮኮው በቆሎ ፍለጋ አይመጣም። የጫካው ምግብ እስኪያልቅ መጠበቅና ከጃንዋሪ ጀምሮ፣ ቅርፊት መላጡ ሳይጀመር፣ መሥራት ይሻላል። መኖው የሚያልቅ፣ ሽኮኮው ግን የማይታይ ከሆነ በላተኛው አይጥ ወይም ወፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ተገፍቶ የሚከፈት ክዳን ይገጠምለትና ከክዳኑ ሥር የሚያጣብቅ ፕላስተር ይለጠፍ፤ የተያዘው ጸጉር ማን እንደመጣ ይናገራል።

ጥይቱ ዒላማውን ይስታል። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ከአፈሙዙ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ጠመንጃው ከተስተካከለበት ርቀት በጣም ሲቀርብም ሲርቅም ጥይቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ከመቀመጫው እስከ ሳጥኑ ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ 20 ወይም 25 ሜትር ይደረግ፤ ጠመንጃውም ከዚያው መቀመጫ፣ በዚያው ዓይነት ጥይት ይስተካከል። የአምስት ጥይት ቀዳዳዎችን የአንድ ብር ሳንቲም ካልሸፈናቸው መቀመጫው ይቅረብ።

ሽኮኮው ቆስሎ ያመልጣል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ አንድም ጊዜ ቢሆን እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባም። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ከ12 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ጁል ገደማ፣ ስለማያልፍ ደረት ወይም ሆድ ላይ ቢተኮስ ወዲያው አይገድልም፤ መመታት ያለበት ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ፍሬ የሚለቅም ሽኮኮ ግን ጭንቅላቱን አያሳርፍም። ስለዚህ ሳጥኑ በተሰቀለበት ግንድ ጎን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቶ የለውዝ ቅቤ ይጠቅጠቅበት። ሽኮኮው አፍንጫውን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ሲልስ ጭራው ጀርባው ላይ ተጋድሞ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል፤ በዓይኑና በጆሮው መካከል ማነጣጠር የሚቻለው ያኔ ነው። ከበስተጀርባው ወፍራም ግንድ ወይም የአፈር ቁልል ከሌለ፣ ወይም እንስሳው ሰማይ በሚታይበት ቅርንጫፍ ላይ ከሆነ፣ ቃታው አይሳብ።

ሳምንት ያህል ይመጡና ይጠፋሉ። በየቀኑ ሲተኮስባቸውና ሰው ሲመላለስ ሲያዩ ይሸሻሉ። ሳጥኑን መሙላት ሳይቋረጥ ለጥቂት ቀናት መተኮሱን መተው፣ መጠበቂያውንም በቅጠል መሸፈን ይበቃል።

ቀይ ሽኮኮ ሳጥኑ ላይ ይታያል። በበጋ የግራጫውም ጎን ቀላ ስለሚል በቀለም ብቻ መወሰን ያሳስታል፤ አካሉና ጭራው በደንብ ይታዩ፣ ጥርጣሬ ካለም ጠመንጃው ይውረድ። ቀዩ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ግራጫው ራሱ ሳይታመም የሚሸከመው የሽኮኮ ፈንጣጣ ቫይረስ ደግሞ ቀዩን ይገድላል፤ በጋራ የሚበሉበት ሳጥንም ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ሳጥኑ በዚያው ቀን ወርዶ በፀረ ተሕዋስያን ይታጠብ።