የተራራ ሐይቆችን የእግር ጉዞ ከብርሃኑ ጋር አዛምዶ ማቀድ

በከፍተኛ ተራሮች ላይ በሚገኙ ሐይቆች መካከል በእግር እየተጓዘ ፎቶግራፍ ማንሳት የሚሻ ሰው፣ የየዕለቱን ርቀት ከመወሰኑ በፊት የማደሪያ ቦታዎቹን እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ። ነፋስ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ፀሐይ ሸለቆውን ካሞቀች በኋላ በመሆኑ፣ የተራራው ምስል በውሃው ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው በአብዛኛው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ስለዚህ ድንኳኑ ለሐይቁ ቅርብ፣ ነገር ግን ውሃው እንዳይበከል ከዳርቻው ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ቢተከል ይመረጣል። የካርታውን የከፍታ መስመሮች ማንበብም ይገባል፤ የመጀመሪያው ብርሃን የሚያርፈው ከሐይቁ በስተምዕራብ ባሉት ጫፎች ላይ ስለሆነ፣ ለማለዳ ፎቶግራፍ የምሥራቁ ዳርቻ እጅግ ይሻላል።

የጉዞውን ሰዓት ለመገመት ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት መያዝ የተለመደ ስሌት ነው፤ የፎቶግራፍ ማቆሚያዎቹ ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ ስለማይገባ ለብቻው ይደመር። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚበዛበት ወቅት ከፍተኛ መተላለፊያዎችን ከቀትር በፊት መሻገር ያስፈልጋል። ከ3000 ሜትር በላይ ደግሞ፣ ሐይቁ ምንም ያህል ቢያምር፣ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር መንገዱን ማስረዘም ይሻላል።