ትንሿ አሮጌ የጊታር አምፕ ስታስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

አምፕ ባስቸገረች ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ቲዩቡ፣ ማለትም እንደ አምፖል የሚግለው የመስታወት ዕቃ ላይ ነው። አጉረመረመች? ቲዩቡ ነው። ድምጿ ቀነሰ? ቲዩቡ ነው። አዲስ ይገዛል፣ ይሰካል፣ ችግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ቲዩብ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ሃምሳ ስልሳ ዓመት የኖረች አምፕ ውስጥ ካፓሲተሩ (ቻርጅ የሚያጠራቅመው ዕቃ)፣ ጃኩ (የጊታር ገመዱ መሰኪያ) እና የመብራት ገመዱ ብዙ ጊዜ ይቀድሙታል። ስለዚህ ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት ጆሮ ስጧት።

ደግነቱ ትንሽ አምፕ ውስጥ ብልሽት የሚደበቅበት ቦታ ጥቂት ነው። የፌንደር ቻምፕ 5ኤፍ1ን ውሰዱ። ያላት ሦስት ቲዩብ ነው፦ የጊታሩን ደካማ ሲግናል የሚያጎላው 12ኤኤክስ7፣ ስፒከሩን የሚገፋው 6ቪ6፣ የመብራቱን ተለዋዋጭ ኮረንቲ (ኤሲ) ቀጥተኛ (ዲሲ) የሚያደርገው 5ዋይ3። አንድ ቮልዩም፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር፣ 5 ዋት ገደማ ጉልበት። አለቀ። ሌሎቹ ትንንሽ አሮጌ አምፖችም ከዚህ ብዙም አይርቁም።

ከሁሉም በፊት

ሻሲው (ዕቃዎቹ የተገጠሙበት የብረት ሳጥን) ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ አለ። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ይህን ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል። ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ገመዱን ንቀሉ፣ የ10 ኪሎ ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ መቆንጠጫ ይዛችሁ ከካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ሻሲው ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ። ከዚያ በመልቲሜትር ለኩ። ወደ ዜሮ መውረዱን በዓይናችሁ ሳታዩ እጅ አታስገቡ። ይህን ማድረግ ካልለመዳችሁ ሻሲውን ለባለሙያ ተዉት፤ ከታች ካለው ብዙው ሳይከፈትም ይሠራል።

ለዓመታት ተቀምጣ የቆየች አምፕ ስታገኙ ደግሞ ዘው ብላችሁ ግድግዳው ላይ አትሰኳት። ባለሙያዎች መጀመሪያ በ60 ዋት አምፖል በኩል በተከታታይ ያገናኟታል። አምፖሉ የድሮው፣ ባለ ክሩ መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፣ ወዲያው ይነቀላል።

ስትነኳት ትነዝራለች

በአንድ እጃችሁ የጊታሩን ክር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክሮፎን ሲነካ ኮረንቲ ከያዛችሁ፣ መጫወት ወዲያው ይቁም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ሽቦው ኦሪጂናል ገመድ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ አምፖች ከመብራቱ መስመር ወደ ሻሲው የተዘረጋ አንድ ትንሽ ካፓሲተር አለ። እሱ ሲያረጅ ማሳለፍ ይጀምራል፣ ሻሲው ኮረንቲ ይይዛል፣ ከሻሲው ወደ ጊታሩ ክር፣ ከክሩ ወደ እናንተ።

መፍትሄው ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ማስገባት፣ ያንን ካፓሲተር ቆርጦ መጣል፣ የመሬቱን ሽቦ በራሱ ብሎን ሻሲው ላይ ማጥበቅ ነው። ኮረንቲ ያለው ሽቦ መጀመሪያ ፊውዙ ጋ፣ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ይሂድ። «ኦሪጂናሉ ገመድ ከተቀየረ ዋጋዋ ይወርዳል» የሚሉ አሉ። ይውረድ።

አንድ ለየት ያለ ዓይነት አለ። አንዳንድ ርካሽ አሮጌ አምፖች ጭራሹን የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም። እንደ 50ሲ5 እና 35ደብልዩ4 ያሉ ቲዩቦች ካያችሁ ጠርጥሩ። እዚያ ላይ የገመድ ቅያሪ ብቻውን አያድንም፤ አምፑን ከመብራቱ መስመር የሚለይ አይዞሌሽን ትራንስፎርመር የግድ ነው። 220ን ወደ 110 የሚያወርዱት ብዙዎቹ ማውረጃዎች ደግሞ ቮልቱን ብቻ እንጂ መስመሩን አይለዩም፣ ስለዚህ አትታለሉ።

ፊውዙ ይቃጠላል

በመጀመሪያ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ለ117 ቮልት የተሠራች አምፕ 220 ላይ ከተሰካች ፊውዙ መቃጠሉ ዕድለኛነት ነው። ማውረጃ ያስፈልጋታል፤ ለእንደዚህ ያለች ትንሽ አምፕ የ100 ዋቱ ይበቃል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ትንሽ በዛ ብሎ እንደሚሞቅም እወቁ።

ቮልቱ ልክ ከሆነ ማጣራቱ ቀላል ነው። ንቀሉና ቲዩቦቹን በሙሉ አውጡ። ትክክለኛውን ፊውዝ አስገብታችሁ አብሩ። ቲዩብ ሳይኖር ከተቃጠለ ትራንስፎርመሩ ወይም ሽቦው ነው፣ ይህ መጥፎ ዜና ነው። ካልተቃጠለ አጥፉና 5ዋይ3ን ብቻ መልሱ። አሁን ከተቃጠለ ወይ ራሱ 5ዋይ3 ነው፣ ወይ ከኋላው ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሾርት ሆኗል። 6ቪ6 ሲገባ ከሆነ ጉዳዩ እዚያ አካባቢ ነው። ፊውዙን በከፍ ያለ አምፒር መተካት ወይም በቆርቆሮ ወረቀት መጠቅለል ግን የርካሹን ዕቃ ሞት ወደ ውዱ ዕቃ ማዛወር ነው።

ታጉረመርማለች

ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ቮልዩሙን ስታዞሩ ጉርምርምታው ይለወጣል?

ከተለወጠ ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው። ጊታሩን ንቀሉት። ከጠፋ ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ጊታሩ፣ ወይ ደግሞ አጠገባችሁ ያለ የስልክ ቻርጀር ወይም ዲመር። ጊታሩ ተነቅሎም ካለ የግቤት ጃኩንና 12ኤኤክስ7ን ተመልከቱ።

ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ያው ከሆነ አቅጣጫው ወደ ኃይል ክፍሉ ነው። እዚህ ላይ ጊታራችሁ ራሱ መለኪያ ይሆናል። መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ የደከመ የማጣሪያ ካፓሲተር (ዲሲውን የሚያለሰልሰው) የሚያሰማው ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ነው፤ ይህም የወፍራሙ ኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ከምታገኙት ጂ ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረውም። ድምፁ ከዚያ አንድ ኦክታቭ ወርዶ ከተሰማችሁ 50 ኸርዝ ነው፤ ያ የቲዩብ ማሞቂያ ሽቦ ወይም የመሬት ግንኙነት ጉዳይ ነው። መስመሩ 60 ኸርዝ ከሆነ የካፓሲተሩ ድምፅ 120 ነው፣ የኤ ክር አንደኛና ሁለተኛ ፍሬት መሀል ላይ ይወድቃል። ክሩን እየመታችሁ አወዳድሩ። ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

100ው ወይም 120ው ከሆነ ካፓሲተሮቹ ይቀየሩ። እነዚህ ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉት ናቸው፤ ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ በጊዜ ብዛት ይደርቃል። የአምፕ ሁሉ ኦሪጂናል ዕቃ ይከበር ባይ ነኝ፤ ይሄኛው ግን እንደ መኪና ጎማ ነው፣ አልቆ ሊቀየር የተሠራ። ቮልቱ ከድሮው አይነስ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ አይምታታ። የመጀመሪያውን ካፓሲተር ከድሮው እጅግ አታግዝፉት፣ ሬክቲፋየር ቲዩቡ (5ዋይ3) ሲበራ ይጨነቃል። አሮጌውን ሳያወጡ አዲሱን ጎኑ ላይ መደረብም አይሆንም።

እንዲያም ሆኖ ትንሽ ጉርምርምታ ይቀራል። አንድ የፓወር ቲዩብ (እንደ 6ቪ6) ብቻ ያላት አምፕ፣ ሁለት ቲዩብ ተቃራኒ ሆነው እንደሚሠሩባት ትልቅ አምፕ ጉርምርምታውን እርስ በርሱ ማጣፋት አትችልም። ስትጫወቱ ካልተሰማችሁ ተዉት።

ጉርምርምታ ሳይሆን እንደ ሞተር ጀልባ «ፑት ፑት ፑት» የምትል ከሆነም ተጠርጣሪዎቹ እነዚሁ ካፓሲተሮች ናቸው።

ምንም ድምፅ የለም

ቲዩቦቹ በርተዋል? ካልበሩ ፊውዝ፣ ገመድ፣ ማብሪያ። በርተው ድምፅ ከሌለ ጆሯችሁን ስፒከሩ ላይ ለጥፉ። ጭል ያለ ጉርምርምታ እንኳ ከሌለ ወይ 5ዋይ3 ዲሲ አይሰጥም፣ ወይ ስፒከሩ ተቆርጧል። ጉርምርምታው ኖሮ ጊታሩ ብቻ ከጠፋ ወደ ገመዱ፣ ወደ ጃኩና ወደ 12ኤኤክስ7 ሂዱ።

ስፒከር መፈተሽ ቀላል ነው። አምፑ ጠፍቶ፣ ሽቦው ተነቅሎ በመልቲሜትር ለኩት። ባለ 4 ኦም ስፒከር ወደ 3 ኦም፣ ባለ 8 ኦም ወደ 6 ኦም ያሳያል። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ስታስነኩት ኮኑ (የስፒከሩ ወረቀት) ብቅ ብሎ «ቷ» ማለት አለበት። ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለ ግን አምፑን አብርታችሁ አትጫወቱ። የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ሲሠራ የውጤት ትራንስፎርመሩ (6ቪ6ን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው) ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠርና ጥቅልሉን ሊያቃጥለው ይችላል።

የተበላሸውን ስፒከርም ቶሎ አትጣሉ። ፍሬሙ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ። 220 ብሎ የሚጀምር ጄንሰን ነው። 220815 ከሆነ 8ቱ ዓመቱን፣ 15ቱ ሳምንቱን ይናገራል፦ እ.ኤ.አ. 1948 ወይም 1958፣ አስራ አምስተኛው ሳምንት። እንዲህ ያለው አዲስ ኮን ቢገባለት ያዋጣል።

ትንጣጣለች፣ ትንኮሻኮሻለች

ቮልዩሙን ስታዞሩ ብቻ ከሆነ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ውስጡ ነፍታችሁ ሃያ ጊዜ ወዲህ ወዲያ አዙሩት። ተጸድቶም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ዲሲ እያሳለፈበት ሊሆን ይችላል።

ገመዱን ስትነካኩ ከሆነ ጃኩ ነው። ላልቷል ወይም ዝጓል።

ማንም ሳይነካት የምትንጣጣ ከሆነ ግን ነገሩ ትዕግስት ይፈልጋል። ቲዩቦቹን አጥፍታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ አውጡና መልሱ፤ እግራቸው መሰኪያው ላይ ሲፋተግ ዝገቱ ይለቃል። ካልሆነ ከ12ኤኤክስ7 ጋር የተያያዙትን የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ጠርጥሩ። የድሮ ካርበን ሬዚስተር ሲያረጅ እንዲህ ነው ጠባዩ።

12ኤኤክስ7ን በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ ስታደርጉት በስፒከሩ በኩል እንደ ደወል ከጮኸ፣ እሺ፣ አሁን ቲዩቡ ነው። ቀይሩት።

ቲዩቡ ቀላ

መሀሉ ላይ ያለው ክር ብርቱካንማ መሆኑ ጤና ነው። በ6ቪ6 ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ራሱ ከቀላ ግን ወዲያውኑ አጥፉ። አዲስ 6ቪ6 መግዛትም አትቸኩሉ፣ እሱንም ታቃጥለዋለች። ባለሙያው የ6ቪ6ን አምስተኛ እግር ይለካ፤ ዜሮ መሆን ሲገባው ፖዘቲቭ ቮልት ካሳየ ከእሱ በፊት ያለው ካፓሲተር እያፈሰሰ ነው፣ እሱ ይቀየር። ካልሆነ በካቶዱ ላይ ያለው 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሾርት መሆኑ ይታይ።

የመስታወቱ ግድግዳ ላይ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን አያሳስብም። በብረቶቹ መሀል የሚንሳፈፍ ሮዝ ወይን ጠጅ ጭጋግ ግን ጋዝ ነው፣ ቲዩቡ አልቆለታል። በመስታወቱ ውስጥ ያለው የብር መልክ ያለው ቅብ ነጭ ሆኖ ከተገኘም አየር ገብቶበታል።

የውጤት ትራንስፎርመሩ ከተቀየረ ወዲህ ታፏጫለች

ከትራንስፎርመሩ ወደ ስፒከሩ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ይሆናል። ስፒከሩ ላይ ሳይሆን ትራንስፎርመሩ በኩል አቀያይሯቸው።

ዝቅ ያሉት ኖታዎች ላይ ትንጫጫለች

መዳፋችሁን ኮኑ ላይ ዘርግታችሁ እኩል፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። የመፋተግ ድምፅ ካለ ኮይሉ (ከኮኑ ጀርባ ያለው ጥቅልል) ከቦታው ተዛንፏል፣ የባለሙያ ሥራ ነው። ከሌለ ሌላ ሰው ዝቅ ያለውን ኢ ክር እየመታ እናንተ የጀርባውን ጣውላ፣ እጀታውን፣ የ12ኤኤክስ7ን ሽፋን በየተራ በእጃችሁ ያዝ አድርጉ። ስትይዙት ዝም ያለው እሱ ነው። ካቻቢቴ አምጡና አጥብቁ። የስፒከሩን ብሎኖች ግን በጣት ጉልበት ብቻ፣ በዲያጎናል እየተፈራረቃችሁ፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ፍሬሙ ይጣመምና ያልነበረ መፋተግ ይጀምራል።