ቆሞ ባትሪ የሚጨርስ መኪና፦ ሲፈተሽ የሚሠሩ ስህተቶች

ሳይለኩ አዲስ ባትሪ መግዛት

ማታ ደህና የነበረ መኪና ጠዋት ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ባትሪው አርጅቷል፣ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ ኤሌክትሪክ የሚስብ ነገር አለ። ሦስቱም የሚያሳዩት ምልክት አንድ ስለሆነ በግምት መለየት አይቻልም። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ይወርዳል፤ ደጋግሞ ባዶ መሆን ባትሪን ስለሚገድል የተከፈለበት ገንዘብ በጥቂት ወራት ውስጥ ይባክናል።

መኪናው ካደረ በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ በመልቲሜትር ይለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ፤ ከ12 በታች ባዶ ሊባል የሚችል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.7 ካነበበ ዲናሞው ይሞላል። ከዚያ ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ አድርገው፣ የኔጋቲቩን ገመድ ነቅለው ያሳድሩት። ተነቅሎም ከ12.4 በታች ከወረደ በሽታው ባትሪው ውስጥ ነው። ተነቅሎ ሲያድር ደህና ሆኖ፣ ተገጥሞ ሲያድር ብቻ የሚወርድ ከሆነ መኪናው ነው የሚስበው።

ሞተር እንዳጠፉ ወዲያው መለካት

ከመንገድ የገባ መኪና ባትሪ ለጊዜው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያሳያል፤ ደካማውም ሙሉ ይመስላል። ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

የሚሳበውን ኤሌክትሪክ ሲለኩ መቸኮል

ብዙ ጊዜ ምርመራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመልቲሜትሩ ቀይ ገመድ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ነቅለው መልቲሜትሩን በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ያስገቡት። በአምፒር ላይ እንዳለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በቀጥታ ካነኩበት ሾርት ያደርጋል፤ መልቲሜትሩ በመካከል እንደገባ ሞተር ለማስነሳት ቢሞክሩም የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር አያስደንግጥዎ። ዘመናዊ መኪና ከተቆለፈ በኋላ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ እስከዚያ ብዙ አምፒር ሊያሳይ ይችላል። በር ከፍተው መሥራት ካለብዎ የበሩን መቆለፊያ ምላስ በካቻቢቴ ገፍተው የተዘጋ ያስመስሉት። ያለ ቁልፍ በአዝራር የሚነሳ መኪና ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፤ ኪስዎ ውስጥ ካለ መኪናው ላይተኛ ይችላል።

ከተኛ በኋላ ከ50 ሚሊአምፒር በታች ማሳየት አለበት። 50 ሚሊአምፒር በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ማለት ነው፤ 60 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ግማሽ ለማድረስ 25 ቀን ይፈጅበታል። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ያለችው 5 ዋት አምፖል ሳትጠፋ ከቀረች ግን 400 ሚሊአምፒር ገደማ ትስባለች፤ ያንኑ ባትሪ በሦስት ቀን ግማሽ ታደርገዋለች።

ፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ

ፊውዝ ተነቅሎ ሲመለስ የተኛው ኮምፒውተር ይነቃል፤ ቁጥሩ እንደገና ይወጣና ፍለጋው ይበላሻል። የሚሻለው ፊውዙን ሳይነቅሉ፣ ባትሪውን እንደተገጠመ ትተው፣ መልቲሜትሩን በሚሊቮልት አድርጎ በፊውዙ ጀርባ የሚታዩትን ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች መለካት ነው። ዜሮ ካልሆነ በዚያ ፊውዝ በኩል ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው። ከኮፈኑ ሥር ያለውንም ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውንም ሳጥን ይፈትሹ፤ ጥቂት ሚሊአምፒር የሚስቡት ሰዓትና አላርም በትንሹ ቢያነቡ ጤናማ ነው።

ኋላ የተገጠሙ ዕቃዎችን መርሳት

ቴፕ፣ ጂፒኤስ፣ አላርም፣ ካሜራ፤ ከፋብሪካ ያልመጣ ነገር ሁሉ ቀድሞ መጠርጠር አለበት። በተለይ ቴፕ። አብዛኛው ተገዝቶ የሚገጠም ቴፕ ሁለት የኃይል ገመድ አለው፤ ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኝና ማስታወሻውን የሚጠብቅ ነው፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ማግኘት ያለበት። ገጣሚው ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዝዞ ካሰራቸው ስክሪኑ ቢጠፋም ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ እንደነቃ ያድራል። ቀዩን ለይቶ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ወደሚያገኝ መስመር መመለስ ነው መፍትሔው።

ዲናሞውን ከጥርጣሬ ማውጣት

"ቻርጅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ደህና ነው" ማለት አይበቃም። ውስጡ ካሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) አንዱ ሲበላሽ ዲናሞው እየሞላም ቢሆን ሌሊት ከባትሪው ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ገመድ በትንንሾቹ ፊውዞች በኩል ስለማያልፍ ሁሉም ፊውዝ ተፈትሾ ምንም አይገኝም። ሞተር ሳይነሳ ብዙ ሰዓት ቆይቶ ዲናሞው ሲነካ ሞቅ ካለ ዋናው ምልክት እሱ ነው። ለማረጋገጥ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ይንቀሉ፤ ወፍራሙን ገመድ ከዲናሞው ፈትተው ጫፉን በናስትሮ ይጠቅልሉ፤ ከዚያ መልሰው ይለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ዳዮዱ ነው የሚቀየረው።

ሞተር እየሠራ ገመድ መንቀል

ዲናሞን "ለመፈተን" የባትሪን ገመድ መንቀል የቆየ ልማድ ነው። ድንገት የሚዘለው ቮልቴጅ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል ፈጽሞ አያድርጉት።

በኬብል አስነስቶ ጥቂት ነድቶ ሞላ ማለት

ዲናሞ የተሠራው የሞላን ባትሪ ለመጠበቅ ነው፤ ባዶውን በአንድ አጭር ጉዞ አይሞላውም፤ መብራትና ፋን ተከፍቶ ትራፊክ ውስጥ ከቆመ ደግሞ ባሰ። 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ በቻርጀር በ6 አምፒር ገደማ ሌሊቱን ይሞላ። የሚከፈት ዓይነት ከሆነና ውሃው ከሳህኖቹ በታች ከወረደ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ሳህኖቹን እስኪሸፍን ይጨመርበት፤ ከሞላ በኋላ እስከ ምልክቱ ይድረስ። የቧንቧ ውሃም አሲድም አይጨመርም። ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው ተቆልፎ ይደር፤ ጠዋት ቮልቱ ማታ ከነበረበት እምብዛም ካልወረደ የሚስበው ተገኝቷል።