ወንዝ ለማጽዳት ስትወጡ እነዚህን አታድርጉ

ከሁሉ የሚያበሳጨኝን ላስቀድም። ሰው ተጠርቶ፣ ጓንት ተገዝቶ፣ ቀኑን ሙሉ ተለፍቶ፣ በመጨረሻ ቆሻሻው በኬሻ ታጭቆ እዚያው ወንዙ ዳር ይደረደራል። “መኪና ነገ ይመጣል” ይባላል። ነገ ግን ማንም አይመጣም። ከሳምንት በኋላ ሂዱና እዩት። ግማሹን ውሻ ዘርግፎታል። አላፊ አግዳሚው ደግሞ የተደረደረውን ኬሻ ሲያይ ቦታው መጣያ መስሎት የቤቱን ጥራጊ ይጨምርበታል። ፀሐይ የመታው የፕላስቲክ ኬሻ አቅም የለውም፤ ልታነሱት ስትሞክሩ እንደ ገለባ ይበተናል፣ ብጥስጣሹም ውሃ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ሲመጣ የቀረውን ወንዙ ጠራርጎ ይወስደዋል። ያን ሁሉ ልፋት ሳስብ አንጀቴ ያራል። እባካችሁ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጨርሱ፦ መኪናውን፣ ቆሻሻው የሚደፋበትን ቦታ፣ እዚያ የሚረከባችሁን ሰው። መኪና ከሌለ ቀኑን አራዝሙ። የመጣው ሰው ቅር ቢለውም ይሻላል።

ኬሻውን እስከ አፉ አትሙሉ። ዳይፐርና ጨርቅ ውሃ ይጠጣሉ፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ነው። ግማሽ ሲደርስ አፉን እሰሩት። ዳገቱን ተሸክማችሁ የምትወጡት እናንተው ናችሁ።

ቦታ እንዲኖረው ብላችሁም አትጠቅጥቁት። አንድ ጎበዝ ልጅ ኬሻውን በጉልበቱ ሲጫን የስሪንጅ መርፌ ሱሪውን አልፎ ወጋው። የጎማ ጓንትም ቢሆን መርፌ አያቆምም። መርፌ ካያችሁ ክዳን ያለው ጠንካራ ዕቃ መሬት ላይ አስቀምጡና በመቆንጠጫ አንስታችሁ ክተቱት፤ ዕቃውን በሌላው እጃችሁ አትያዙት። የተወጋ ሰው ቁስሉን ሳይመጥ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠበው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ጀማሪዎች ግማሹ የተቀበረ ፌስታል ሲያዩ አያስችላቸውም። ይጎትታሉ፣ አልወጣ ሲል ሁለት ሆነው ይጎትታሉ። ትጋታቸው ደስ ይለኛል። ግን ፌስታሉ ከሣሩ ሥር ጋር ተጠላልፎ ስለሚኖር ዳርቻውን ይዞት ይናዳል። አፈሩን የያዘው ያ ሥር ነው። ከላይ የወጣውን ብቻ በመቀስ ቁረጡት። ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድም ቆሻሻ አይደለም፤ ዓሣ ይጠለልበታል፣ ተዉት።

እናንተ ጋ ሰማዩ ጠራ ማለት ከወንዙ ላይኛው በኩል አልዘነበም ማለት አይደለም። ውሃው በድንገት ከደፈረሰና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ ዕቃችሁን ጥላችሁ ውጡ። 15 ሳንቲሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ እንኳ አዋቂ ሰው ይጥላል።

የተከደነ በርሜል ወይም ጀሪካን አትክፈቱ፣ አታሽትቱ። ምልክት አድርጋችሁ ለሚመለከተው አካል አሳውቁ።

የሰበሰባችሁትን አታቃጥሉ። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ አመዱም ተመልሶ ወንዝ ይገባል።

ቁስል ያለበት ሰው ሳይሸፍነው ውሃ አይንካ። የአይጥ ሽንት የገባበት ውሃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያስይዛል። በሽታው ከቀናት አንስቶ እስከ አንድ ወር ቆይቶ ሊታይ ስለሚችል፣ ትኩሳት ከያዛችሁ ወንዝ ውስጥ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ብዙ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል።

በመኪና ቆሻሻ የሚደፋበትን ቦታ ደግሞ ጠርጎ ብቻ መሄድ አይበቃም። መኪናው የሚገባበት መንገድ እንደተከፈተ ነው፤ ቦታው ሲጸዳ እንዲያውም መዞሪያ ያገኛል። ከመጥረጋችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። በቆሻሻው ውስጥ ደረሰኝ ወይም አድራሻ ያለው ካርቶን ካገኛችሁ ከፎቶው ጋር ለአስተዳደሩ ስጡ። ከዚያ አስፈቅዳችሁ መግቢያውን በትልልቅ ድንጋይ ዝጉት። በእግር የሚሄድ ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ግን ተዉ፤ አለዚያ ውሃ ቀጂው ራሱ ድንጋዩን ያነሳዋል።