አዳማ ቁጭ ብሎ የሸክላ ማጫወቻን በትንሽ ብር ማሻሻል

ከአባት የወረሳችሁት ወይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞላችሁ የገባ የሸክላ ማጫወቻ ካላችሁና ድምፁ አላረካ ካላችሁ፣ ብራችሁን መጀመሪያ መርፌው ላይ አውሉት። ብዙ ሰው ግን ሮጦ ስፒከር ይገዛል፣ የተበላ መርፌ ደሞ በትልቅ ስፒከር ሲሰማ ማንኮሻኮሹ ነው ጎልቶ የሚወጣው።

እኛ ጋ ሌላም ስሌት አለ። መርፌ፣ ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት ትንሿ ክፍል)፣ ቺንጊያ ኪስ ውስጥ የሚገቡ ነገሮች ስለሆኑ ሰው ሲመጣ አስመጧቸው፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር ግን ከባድ ስለሆኑ እዚሁ ያገለገለ ፈልጉ። ስታዙ ታዲያ "የሸክላ መርፌ ላኪልኝ" ብቻ ካላችሁ የማይገጥም ነው የሚመጣው፣ ካርትሪጁ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ አንስታችሁ ላኩ። ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60 የሚባለው ማጫወቻ ላይ ካርትሪጁ አይቀየርም፣ መርፌው ብቻ ነው የሚነቀለው፣ እሱም ርካሽ ነው። ቪኤም95ኢ ካርትሪጅ ያለው ሰው ደሞ እድለኛ ነው፣ ወደፊት ብር ሲገኝ ያንኑ ካርትሪጅ ይዞ የተሻለውን የኤምኤል መርፌ መሰካት ይችላል። መርፌ እንደየአይነቱ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ይሰራል፣ የአባታችሁ መርፌ ስንት ሰዓት እንደሰራ ማን ያውቃል፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ቀይሩት። ሻንጣ የሚመስለው ርካሹ ማጫወቻ ላይ ግን ምንም አታውጡ፣ አብዛኛው ሸክላውን 5 እና 6 ግራም ይጫነዋል፣ እሱን ከማሻሻል ብሩን ለሌላ ማጫወቻ ማጠራቀም ይሻላል።

አሁን በነፃ ወደሚሰራው። ከህንፃ መሳሪያ ቤት ወይ ከጎረቤት ግንበኛ ውሃ ልክ ተዋሱና ማጫወቻውን አስተካክሉ። ከዛ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት፣ ክንዱ ከኋላ የሚሽከረከር ሚዛን ካለው የመርፌውን ክዳን አውልቁ፣ ፀረ ስኬቲንጉን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርጉት፣ ሚዛኑን እያዞራችሁ ክንዱ ወደላይም ወደታችም ሳይል አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ድረስ ፈልጉ፣ ያኔ የቁጥሩን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አድርጉና ሚዛኑን ከነቀለበቱ ካርትሪጁ ወደሚፈልገው አዙሩ (ቪኤም95ኢ ከሆነ 2 ግራም)፣ ፀረ ስኬቲንጉንም እዛው ቁጥር ላይ መልሱት። ማረጋገጥ የፈለገ ትንሿን ዲጂታል የወርቅ ሚዛን ይጠቀም። "ቀላል ቢሆን ሸክላዬን አይጎዳም" የሚል አለ፣ ተሳስቷል፣ ከሚገባው በላይ የቀለለ መርፌ እየዘለለ ነው ሸክላ የሚያበላሸው። የድሮ ሰዎች ክንዱ ላይ ሳንቲም የሚጭኑትን ነገርም እዛው ድሮ እንተወው።

ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ያላችሁ ይህቺን ልብ በሉ። እዛ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቱን ብቻ ነው ኸርዙን አይነካውም። የድሮዎቹ ባለ ቺንጊያዎች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ኸርዝ ነው የሚወስዱት፣ ስለዚህ በደቂቃ 33 ዙር የሚዞረው ወደ 28 ገደማ ይወርድና ዘፋኙ በሙሉ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። መፈተሻው ቀላል ነው፣ የሸክላው መሃል ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና ስልካችሁን ሰዓት አስይዛችሁ ዙሩን ቁጠሩ፣ በ3 ደቂቃ 100 መሙላት አለበት፣ 45ቱ ላይ ደሞ በ1 ደቂቃ 45። ከጎደለ መጀመሪያ ቺንጊያው ላልቶ እንደሆነ እዩ፣ ካልሆነ ለ50 ኸርዝ የተሰራውን የሞተር ፑሊ ማስመጣት ነው። አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ካለበት ግን በዚህ በኩል ስጋት የለም፣ እንዳለ ሰክታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

አቧራው! ንፋሱ መብራት የሚያመነጭበት ከተማ እየኖርን ሸክላ ክፍት ማስቀመጥ አይሆንም። ክዳኑን ዝጉ፣ መስኮት አጠገብ አታድርጉት፣ ፀሃይና የተዘጋ መኪና ውስጥም እንዳይቆይ፣ ይጣመማል። ከገበያ የተገዛ አሮጌ 45 ካላችሁ ሳታጥቡ አዲስ መርፌ አታስነኩት። ዲስትልድ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና አድርጉ፣ ለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክራችሁ መስመሩን ተከትላችሁ ክብ ክብ እያላችሁ ጥረጉ፣ መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ፣ ከዛ በንፁህ ዲስትልድ ውሃ ድገሙትና ጥላ ውስጥ በቁሙ ይድረቅ። ትንሽ አልኮል የሚጨምሩ አሉ፣ ለ45 እና ለ33 ችግር የለውም፣ ከባዱና ተሰባሪው 78 ላይ ግን በጭራሽ፣ ያሟሟዋል። አምሐ ሪከርድስ የሚባለው የሸክላ አሳታሚ በ1969 እ.ኤ.አ. ከጀመረ በኋላ የወጡት የአገራችን 45ዎች እየተወደዱ ስለሆነ ይህን ያህል መልፋት ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም።

አምፕሊፋየር ስትገዙ ጀርባውን ገልብጡና ፎኖ የሚል መሰኪያ ፈልጉ። ከካርትሪጅ የሚወጣው ሲግናል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ኦግዚለሪ የሚለው ተራ መሰኪያ ላይ ቢሰካ ድምፁ ቀጭንና ደካማ ይሆናል፣ ፎኖ ግን ያሳድገዋል፣ ባሱንም ይመልሰዋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሰሩት ብዙዎቹ ስላላቸው ለብቻው ፕሪአምፕ (ሲግናሉን የሚያሳድግ መሳሪያ) ከመግዛት ትድናላችሁ። ቮልዩሙ ሲዞር የሚንኳኳ ከሆነ አትፍሩት፣ ኮንታክት ክሊነር ይነፋበታል፣ እንደውም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ሰበብ ነው። ሞኖ የሚል ቁልፍ ካለውማ ሞኖ የተቀዳ ሸክላ ስትሰሙ ተጫኑት፣ ኮሽታው በደንብ ይቀንሳል። ውድ ገመድ? እለፉት።

ስፒከሩን ማጫወቻው ካለበት ጠረጴዛ አውርዱ፣ ንዝረቱ በመርፌው ተመልሶ ይገባል። ከእብነበረድ ቤት የተረፈ ቁራጭ ከስር ወፍራም ጎማ አድርጋችሁ ማጫወቻውን ብታስቀምጡበት ጥሩ ነው። አሁንም እምምም የሚል ድምፅ ካለ ከማጫወቻው የምትወጣዋን ቀጭን ሽቦ አምፕሊፋየሩ ላይ ግራውንድ የሚለው ቡሎን ስር እሰሯት፣ ካልጠፋ ማጫወቻውን ከአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ራቅ አድርጉት፣ የስልክ ቻርጀሩንም ከዲቫይደሩ ንቀሉ።