የጊታር አምፕ ሬክቲፋየር ቲዩብ እንዴት ይቀየራል?

በጊታር ማጉያ (አምፕ) ውስጥ ያሉት ቲዩቦች አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ክፍሎች ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነውን ሬክቲፋየር መቀየርም አምፖል ከመቀየር ብዙም አይከብድም። ነቅሎ መሰካት ነው። ከባዱ ነገር የቱን እንደሚሰኩ ማወቅ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው የፌንደርን 65 ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነበረውን አምፕ አስመስሎ የተሠራ፣ 22 ዋት የሚያወጣ፣ ዘጠኝ ቲዩብ ያለው አምፕ ነው። ከዘጠኙ አንዱ ሬክቲፋየር ነው፤ ስሙ 5ኤአር4 ወይም ጂዜድ34 ይባላል። ሁለቱም ያው አንድ ቲዩብ ናቸው። ሥራው ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውን ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ወደ ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) መለወጥ ነው። ሌሎቹ ቲዩቦች የሚሠሩት እሱ በሚሰጣቸው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።

ከመንቀላችሁ በፊት የምትገዙትን ወስኑ። አሮጌው ስለሞተ ከሆነ የምትቀይሩት፣ ያንኑ ዓይነት ግዙና ነገሩ አለቀ። ድምፁን ለመቀየር ከሆነ ግን ቁጥሮቹን እዩ። 225 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት ጂዜድ34 ከቮልቴጁ ላይ የሚበላው 17 ቮልት አካባቢ ነው። 5ዩ4ጂቢ የተባለው ሌላ ሬክቲፋየር 44 ቮልት ገደማ ይበላል። 5ዋይ3ጂቲ ደግሞ በ125 ሚሊአምፔር ብቻ 60 ቮልት ይበላል። ብዙ በበላ ቁጥር አምፑ ለስለስ ይላል። ኮርዱን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ቮልቴጁ ዝቅ ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ድምፁም መጀመሪያ ጨመቅ ብሎ ኋላ ይከፈታል። ጊታሪስቶች ሳግ የሚሉት ይህንን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቤት ውስጥ ቮሉሙን 2 ላይ አድርጎ የሚጫወት ሰው ልዩነቱን እምብዛም አይሰማውም። ሳግ የሚመጣው አምፑ ሲጮህ ነው።

አደጋው የት ላይ ነው? 5ዩ4ጂቢ ለማሞቂያው ብቻ 3 አምፔር ይፈልጋል። ጂዜድ34 የሚበቃው 1.9 ነው። የአምፓችሁ ትራንስፎርመር ለ2 አምፔር ብቻ ተብሎ ከተጠመጠመ፣ 5ዩ4 ሰክታችሁ አንድ ሰዓት ስትጫወቱ እሳት ይሆናል። በተቃራኒው፣ ለ5ዋይ3 የተሠራ ትንሽ አምፕ ላይ ጂዜድ34 ብትሰኩ ቮልቴጁ ይጨምርና ኃይል የሚሰጡት ቲዩቦች ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ሥራው። አምፑን አጥፉና ገመዱን ከግድግዳ ንቀሉ። ማብሪያና ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ከዚያ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቡና አፍሉ። እኔ አንዴ ሳልታገስ በባዶ እጄ ያዝኩት። ቲዩቡ አልተሰበረም፣ የጣቴ ቆዳ ግን ለሳምንት ተላጠ።

የላይኛውን የኋላ ሽፋን ብሎን በካቻቢቴ ፍቱ። ቲዩቦቹ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ። ከኋላ ስታዩ በግራ ዳር ያለው፣ ከትልቁ ትራንስፎርመር አጠገብ፣ ሬክቲፋየሩ ነው። ሻሲውን (የአምፑ ዕቃዎች የታሰሩበትን የብረት ሳጥን) አውጥታችሁ እጅ ለማስገባት ግን እንዳታስቡ። ገመዱ ተነቅሎም ቢሆን ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ገዳይ ቮልቴጅ ሊይዙ ይችላሉ።

ክሊፕ ካለው ለቀቅ አድርጉት። መስታወቱን ሳይሆን ጥቁሩን መቀመጫ ያዙ። ግራና ቀኝ በጣም በትንሹ እያወዛወዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ሳቡ። አታጣምሙት።

አዲሱን ከመስካታችሁ በፊት መቀመጫውን ገልብጣችሁ እዩ። መሐል ላይ እንደ ምላስ ወጣ ያለች ፕላስቲክ አለች፤ ሶኬቱ ላይ ካለው ጎድጓዳ ጋር ትገጥማለች። አሮጌ ቲዩቦች ላይ ይህች ምላስ ተሰብራ ይገኛል። ያኔ ቲዩቡ በየትኛውም አቅጣጫ ሊገባ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ባትሰኩት ይሻላል። ሌላም አለ፦ አጠገቡ ያሉት ሁለቱ 6ቪ6 ቲዩቦች (ኃይል የሚሰጡት) መቀመጫቸው ከሬክቲፋየሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቦታ ቢቀያየሩም ይገባሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ብቻ ንቀሉ፣ መስታወቱ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።

ምላሷን ከጎድጓዳው አገናኝታችሁ እስከ መጨረሻው ግፉ። ክሊፑን መልሱ። ስፒከሩ መሰካቱን አረጋግጡ፤ አምፕ ያለ ስፒከር ከሠራ የውጤት ትራንስፎርመሩን ያጣል። አሜሪካ የተገዛ አምፕ አዲስ አበባ ላይ ከሆነ የምታበሩት፣ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የሶኬት ቅርጽ የምትቀይረው ትንሿ አዳፕተር ቮልቴጅ አትቀንስም።

ስታንድባይ ላይ (ቲዩቦቹ ይሞቃሉ፣ ድምፅ ግን አይወጣም) አድርጋችሁ አብሩ። አንድ ደቂቃ ጠብቁና ስታንድባዩን ክፈቱ። መብራቱን ቀንሱና ከኋላ ተመልከቱ። ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ፍም ጤናማ ነው። ሬክቲፋየሩ ውስጥ ብልጭታ ካያችሁ፣ የ6ቪ6ዎቹ ግራጫ ብረት ቀይ መሆን ከጀመረ፣ ወይም ፊውዝ ከተቃጠለ ወዲያው አጥፉ። ተለቅ ያለ ፊውዝ አታስገቡ። ቲዩቡ ጫፍ ላይ ያለው ብርማ ቀለም ነጭ ከሆነ ደግሞ አየር ገብቶበታል፣ ጣሉት።

የቲዩቡን ዓይነት ከቀየራችሁ አንድ ሥራ ይቀራል፤ ባያስ፣ ማለትም ጊታሩ ሳይመታ በ6ቪ6ዎቹ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት፣ ማስተካከል። በዚህ አምፕ ላይ ለ14 ዋት 6ቪ6፣ 420 ቮልት ላይ፣ ለእያንዳንዱ ቲዩብ ወደ 23 ሚሊአምፔር ይሆናል። ይህን ለመለካት ቴስተር ይዞ ሻሲው ውስጥ መግባት ስለሚያስፈልግ፣ ልምድ ከሌላችሁ ለቴክኒሻን ስጡት። በዚያው ዓይነት ከተካችሁ ግን ሽፋኑን መልሱና ጊታሩን ሰኩ።