ሴቶች በእድገት ውድድር የሚቀሩበትን ቦታ እንዴት እናግኝ?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለእድገት ተወዳድራ ከወንድ እኩል ውጤት ያመጣች ሴት ቅድሚያ እንድታገኝ ይደነግጋል። ይህን በመመሪያቸው አስፍረው ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ቅድሚያው ግን የሚሠራው ነጥብ እኩል ሲመጣ ብቻ ነው፤ ነጥቡ የሚጎድለው ደግሞ ገና ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ነው። ባንክን ምሳሌ አድርገን እንየው።

መጀመሪያ የሦስት ዓመት የእድገት ፋይል አውጡ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ብቁ የነበሩትን፣ ያመለከቱትን፣ ለቃለ መጠይቅ የቀረቡትንና ያለፉትን በጾታ ለይታችሁ ቁጠሩ። «ግማሹ ሠራተኛችን ሴት ነው» የሚለው ድምር አይጠቅምም፤ ሴቶቹ ሁሉ ቴለር (መስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ) ሆነው ብድር ክፍል አንዲት ሴት ላትኖር ትችላለች።

ቀጥሎ የሥራ አፈጻጸም ምዘናው። ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ነው። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሠራተኛዋ ለባንኩ እንድታመጣ የሚጠበቅባት የተቀማጭ ገንዘብ ዕቅድ ግን ብዙ ጊዜ አይቀነስም። የስድስት ወር ዕቅዷ 6 ሚሊዮን ብር የሆነ ሠራተኛ አራቱን ወር በወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች እንበል። በሠራችባቸው ሁለት ወራት 2 ሚሊዮን ብታመጣ ድርሻዋን ሙሉ በሙሉ ፈጽማለች። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ግን 33 በመቶ ነው። በእድገት ውድድሩ ይህ መስፈርት 40 ነጥብ ከያዘ 13 ታገኛለች፤ 27 ነጥብ ጎድሎባት ከማን ጋር እኩል ትወጣለች? መፍትሔው ዕቅዱን በሠራችባቸው ወራት ልክ ማድረግ ነው። ማስተካከያው ለቅርብ አለቃ በጎ ፈቃድ አይተው፤ የፈቃድ ደብዳቤው ሲወጣ አብሮ ይጻፍ።

ውክልናንም ተመልከቱ። ሥራ አስኪያጁ ሲወጣ «እስኪመለስ ያዝልኝ» የተባለው ሰው፣ ቦታው ሲለቀቅ የተጠባባቂነት ልምድ ይዞ ይቀርባል። ለዚያ ውክልና ማስታወቂያ የወጣበት ጊዜ የለም። ማን፣ መቼ፣ ለስንት ቀን እንደተወከለ መዝግቡ፤ ከአንድ ወር ለሚበልጠው ብቁ ሠራተኞች በተራ ይግቡ።

በቃለ መጠይቅ «ልጆቹን ማን ይይዛል?» የሚለው ይሰረዝ። ሥራው መስክ መውጣት ከጠየቀ ቀኑ ተጠቅሶ ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቁ። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ነጥቡን ሞልቶ ከፈረመ በኋላ ብቻ ውይይት ይጀመር፤ አለበለዚያ የሰብሳቢው አስተያየት የሁሉም ነጥብ ይሆናል።